ሪቫን ላይ የታተመው ቀለም የት ገባ?

ሰኔ ሲጋመስ የባሕር ዳር ማተሚያ ቤቶች መተንፈሻ ያጣሉ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የፔዳ ልጆች አሉ፣ የፖሊ ልጆች አሉ፣ የግል ኮሌጅ ተመራቂ አለ፣ ለምርቃት ከገጠር የመጣ ወላጅ አለ። አንዱ ለአበባ ማሰሪያ ስም የታተመበት ሪቫን ይፈልጋል። ሌላው ለባጅ ማንጠልጠያ። ሌላዋ ከጋዋኗ በላይ አንገቷ ላይ የምታደርገው ሻርፕ ፎቶዋ እንዲኖርበት ትፈልጋለች። ሁሉም ስልኩን ዘርግቶ "ይቺን አትምልኝ" ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እዚያ ወረፋ ውስጥ ቆሜ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። ከቦርሳቸው በጥንቃቄ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ። በእጅ የተሸመነ ነጭ ጥጥ ነው፤ ስፋቱ አራት ጣት ቢሆን ነው።

"ልጄ፣ የልጄን ፎቶና ስሟን እዚህ ላይ አድርግልኝ። የሱቅ ሪቫን አልፈልግም።"

የማተሚያ ቤቱ ልጅ ጨርቁን ዳሰስ አደረገና መለሰላቸው። "እማማ፣ ይሄ ጥጥ ነው። አይዝም።"

"አይዝም ማለት ምን ማለት ነው? ጥጥ ቀለም መያዝ የጀመረው ዛሬ ነው እንዴ?"

እናትየዋ ልክ ናቸው። ጥጥ ቀለም ሲይዝ ኖሯል፤ የጥበቡ ክር ምስክር ነው። ልጁም ልክ ነው። እሱ ጋ ያለው ማሽን ጥጥ ላይ አይሠራም። ሁለቱም ልክ የሆኑበትን ምክንያት ለማስረዳት ከማሽኑ ሳይሆን ከቀለሙ መጀመር ያስፈልጋል።

ሰብሊሜሽን የሚሉት ምንድን ነው?

ማተሚያ ቤት በር ላይ "ሰብሊሜሽን እንሠራለን" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ቃሉ ከሳይንስ የመጣ ነው። ጠጣር ነገር ሳይቀልጥ፣ ፈሳሽ ሳይሆን፣ በቀጥታ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሰብሊሜሽን ይባላል።

እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ አለ። ብል እንዳይበላው ብላችሁ ልብስ ሳጥን ውስጥ የምትጥሏትን ነጭ የናፍታሌን እንክብል አስቧት። ስታስቀምጧት የጣት ጫፍ ታክላለች። ከወራት በኋላ ሳጥኑን ስትከፍቱ ምስር አክላለች፤ ወይም ጭራሽ የለችም። ቀልጣ ቢሆን ኖሮ ልብሱ ላይ ቅባት የመሰለ ምልክት ታገኙ ነበር። ልብሱ ግን ደረቅ ነው። የቀረው ሽታዋ ብቻ ነው። እንክብሏ የመቅለጥን ደረጃ ዘላ አየር ውስጥ ገብታለች።

ውሃ በተለመደው ሁኔታ እንዲህ አያደርግም። በረዶው መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ከዚያ ይተናል። በማለዳ ጣና ላይ የሚንሳፈፈው ጉምም መነሻው ፈሳሽ ውሃ ነው።

የሰብሊሜሽን ቀለም ጠባዩ ወደ ናፍታሌኗ ያደላል። ልዩነቱ ሙቀቱ ላይ ነው። ናፍታሌን በክፍል ሙቀት፣ በዝግታ፣ ማንም ሳያያት ትሄዳለች። ቀለሙ ግን ከ180 እስከ 210 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በሰከንዶች ውስጥ ይነሣል። ለማነጻጸር ያህል፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀለሙ የዚያን እጥፍ ይፈልጋል።

እሺ፣ ጋዝ ሆነ። ከዚያስ የት ይገባል?

ጥፍር ቀለምና እንሶስላ አንድ አይደሉም። ጥፍር ቀለም ላይ ይቀመጣል። ሲደርቅ ሽፋን ይሆናል፤ ሲቆይ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። እንሶስላ ግን ቆዳ ውስጥ ይገባል። እጁን ብትዳስሱት የምትነኩት ቆዳውን ነው፤ ቀለሙ ለብቻው አይዳሰስም። አይላጥምም።

ስክሪን ፕሪንት፣ ወርቃማ ፎይል፣ አሁን በየቦታው የገባው፣ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ጨርቅ ላይ የሚለጠፈው ዲቲኤፍ፣ ሁሉም በጥፍር ቀለም ወገን ናቸው። ጨርቁ ላይ ንብርብር ያስቀምጣሉ። በጣት ሲነኩ ይታወቃሉ። ሰብሊሜሽን የእንሶስላ ወገን ነው። በደንብ የተሠራ የሰብሊሜሽን ሪቫን ላይ ጣታችሁን ብታሳልፉ ፎቶ ካለበትና ከሌለበት ቦታ ልዩነት አታገኙም።

የሚገባው ግን ፖሊስተር ውስጥ ነው። ፖሊስተር የፕላስቲክ ዘመድ ነው። እንዲያውም ዘመድ ማለት ያንሰዋል። ሃይላንድ ብለን የምንጠራው የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ነገር ራሱ ነው፤ እንደ ክር ተስቦ ሲወጣ ፖሊስተር ይባላል። ውስጡ ረጃጅም ሰንሰለቶች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ሲቀዘቅዝ ጥብቅ ናቸው። ሙቀቱ ከ70 እና 80 ዲግሪ ሲያልፍ መፈታታት ይጀምራሉ። ወደ 200 ሲጠጋ በደንብ ይላላሉ። የሚቀልጡት ግን 250 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በዚያ መሐል ባለው ክፍተት ነው።

ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ የሚሄድ የሞላ ባጃጅ አስቡ። ከኋላ የተቀመጡት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል፤ ሰው የሚያስገባ ቦታ የለም። ሹፌሩ "ጠጋ ጠጋ በሉልኝ" ሲል ሁሉም ወዲህ ወዲያ ይንቀሳቀሳል። በዚያች ቅጽበት አንድ ቀጭን ልጅ ሹልክ ብሎ ይገባል። ተመልሰው ሲደላደሉ ልጁ መሐል ተጣብቆ ይቀራል። ልውጣ ቢልም አይችልም፤ እንደገና መነቃነቅ አለባቸው። ሙቀቱ "ጠጋ በሉ" ባዩ ሹፌር ነው። ተሳፋሪዎቹ የፖሊስተር ሰንሰለቶች ናቸው። ጋዝ የሆነው ቀለም ቀጭኑ ልጅ ነው። ሪቫኑ ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ቀለሙም ውስጥ ይቀራል።

ይቺን "እንደገና መነቃነቅ" የምትለዋን ነገር ያዙልኝ። ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

ታዲያ ጥጥ ለምን እንቢ አለ?

ባሕር ዳር የጥጥ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈት ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በጨርቃ ጨርቅና በፋሽን ላይ ብቻ የሚሠራ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለ። እንዲህ ባለ ከተማ "ጥጥ አይሆንም" ሲባል ቅር የሚለው ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ጉዳዩ የጠባይ አለመጣጣም ነው። ጥጥ ውሃ ይወዳል። ስለዚህ ጥጥ የሚነከርበት ቀለም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፤ ከውሃው ጋር ክሩ ውስጥ ይገባና እዚያው ይጣበቃል። የሰብሊሜሽን ቀለም በተቃራኒው ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። በሙያው ስም ዲስፐርስ ቀለም ይባላል። በማተሚያው ታንክ ውስጥ ስታዩት ፈሳሽ ነው፤ ግን ቀለሙ በፈሳሹ ውስጥ የተበተነ በጣም የላመ ዱቄት ነው፤ እንደ በሶ ብጥብጥ። ከፖሊስተር ጋር ይስማማል። ከጥጥ ጋር አይስማማም።

ሌላም አለ። ጥጥ ሲሞቅ እንደ ፖሊስተር አይላላም። ሙቀቱ ሲበዛበት ይጠቁራል እንጂ በር አይከፍትም። ጋዙ መጥቶ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት ያጣል፣ ላዩ ላይ ትንሽ ይለጠፋል።

ያቺ "ትንሽ" ናት ሰው የምታሳስተው። ጥጥ ላይ ሲታተም መጀመሪያ የሆነ ምስል ይታያል። ፈዘዝ ያለ ነው፤ ግን ይታያል። እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ። ለአብሮ አደጎቻችን ዓመታዊ ስብሰባ የባጅ ማንጠልጠያ አሳተምን። ቴፑን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ "ጥሩ ጥጥ ነው" ብዬ ኮርቼ። አታሚው ምንም ሳይለኝ ተቀብሎ አተመው። ስብሰባው አልፎ አንዱን ሳጥበው የማኅበሩ ስም ወደ ውሃው ሄደ። ቴፑ ላይ የቀረው እንደ ድሮ ፎቶ ጀርባ የወየበ ጥላ ነበር።

የተቀላቀለ ክር ሲሆን ደግሞ በመሐል ይሆናል። 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነ ጨርቅ ላይ ፖሊስተሩ ድርሻውን ይይዛል፣ ጥጡ ድርሻውን በእጥበት ይለቃል። ውጤቱ የደበዘዘ ነው። አንዳንዶች ሆን ብለው ይወዱታል። ለፎቶ ግን አይሆንም።

ማን አሰበው?

ቀለሙ ከፖሊስተር ይቀድማል። ዲስፐርስ ቀለሞች የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሲቴት ለሚባል ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነበር። ፖሊስተርን ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን እንግሊዝ አገር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ቀለሙን ወረቀት ላይ አትሞ በሙቀት ወደ ጨርቅ የማሻገሩ ሐሳብ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣ ሲሆን፣ ኖኤል ደ ፕላስ ከሚባል ሰው ጋር ስሙ ይነሣል። ለረጅም ጊዜ የትልቅ ፋብሪካ ሥራ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የቀለም ማተሚያ መጣና ነገሩ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ገባ።

የያዝኩት ሪቫን ፖሊስተር መሆኑን በምን ልወቅ?

"ሳቲን ነው" የሚለው መልስ አይደለም። ሳቲን የአሸማመን ስም ነው፤ የክር ስም አይደለም። ከሐርም፣ ከጥጥም፣ ከናይሎንም፣ ከፖሊስተርም ሳቲን ይሸመናል። ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሹ የሳቲን ሪቫን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ቢሆንም መጠየቁ አይከፋም። "ናይሎን ነው" የሚለውም አያድንም፤ እኛ ሰው ሠራሽ የሆነውን ሁሉ ናይሎን ነው የምንለው።

ክብሪት ይረዳል። ከሪቫኑ ጫፍ አንድ ሁለት ክር መዝዛችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ፣ ከቤት ውጭ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ ይሸታል፣ በጣት የሚፈርስ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ትኩስ ሳለ እንዳትነኩት፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ስጦታ ሲጠቀለል በመቀስ ጀርባ ሲስቡት የሚጠቀለለው አንጸባራቂ ሪቫን አለ። ያም ይቀልጣል። ግን ፖሊስተር ሳይሆን በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። እሱ የሚቀልጠው ወደ 165 ዲግሪ አካባቢ ነው። 200 ዲግሪ ማሽን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን ገምቱት። ስለዚህ ጥሩ አታሚ የክብሪቱን ፈተና ብቻ አያምንም። ከሪቫናችሁ ሁለት ጣት ቆርጦ፣ ወረቀት መሐል አድርጎ፣ ማሽኑ ላይ ይሞክራታል። ሲሞክር ካያችሁት ደስ ይበላችሁ።

ከስልክ እስከ ሪቫን ምን ይደረጋል?

ዲዛይኑ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ከዚያ በሰብሊሜሽን ቀለም በተሞላ ማተሚያ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ይታተማል። ማተሚያው ከቢሮው ማተሚያ ብዙም አይለይም። ቀለሙን በሙቀት ሳይሆን በንዝረት ገፍቶ የሚረጭ ዓይነት መሆን አለበት። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ይሄ ቀለም ሙቀት ሲያይ ጠባዩ ይለወጣል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ምስል የተገለበጠ ነው፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው። ሪቫኑ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ስለሚጫን መልሶ ይቃናል። መገልበጥ ከተረሳ ጉድ ነው። "በ" እና "ዐ" ብዙም አያስነቁም፤ ከግራም ከቀኝም ያው ናቸው። "ሊ" ግን እግሯ ወደ ግራ ትዞርና ታጋልጣለች። ያኔ ደግሞ ሪቫኑ ሄዷል። እንሶስላ አይፋቅም።

ሌላው ሰው የሚያስደነግጠው የወረቀቱ መልክ ነው። ከማተሚያው ሲወጣ ቀለሙ የሞተ ይመስላል። ጥቁሩ ግራጫ ነው፣ ቀዩ የጡብ አቧራ ነው። ደንበኛው "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ፊቱን ያጠቁራል። ቀለሙ የሚነቃው በሙቀት ነው። ከሂት ፕሬሱ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል።

ሂት ፕሬሱ በመሠረቱ ትልቅና ጠፍጣፋ ካውያ ነው። ሪቫኑ መጀመሪያ ብቻውን ለጥቂት ሰከንዶች ይጫናል። እርጥበቱ ይወጣል፣ መኮማተር ካለበት ቀድሞ ይኮማተራል። ከዚያ ወረቀቱ በላዩ ይደረግና ሙቀት በሚችል ቴፕ ይያዛል። ወረቀቱ በሥራው መሐል ወይም ማሽኑ ሲከፈት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተንሸራተተ፣ ገና በሚወጣው ጋዝ ምክንያት ፊት ድርብ ይሆናል፤ ተመራቂዋ አራት ዓይን ታወጣለች። ከዚያ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። አለቀ።

ምስሉ ሁልጊዜ ከሪቫኑ ወርድ ትንሽ እንዲተርፍ ተደርጎ ይታተማል። ልክ በልኩ ከተሠራ ጫፉ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። የተረፈው ቀለም ታዲያ የት ይሄዳል? ከሥር ወደተነጠፈው ወረቀት። ያ ወረቀት በየጊዜው መቀየር አለበት። ካልተቀየረ በሚቀጥለው ሙቀት ከሱ ላይ ያለው ቀለም ተነሥቶ ሌላው ሪቫን ላይ ይገባል። የትናንቱ ሙሽራ ፊት የዛሬው ተመራቂ ጀርባ ላይ ብቅ ይላል ማለት ነው።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። የባጅ ማንጠልጠያ ወርዱ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ነው። "ሰ" እና "ሸ"ን፣ "ነ" እና "ኘ"ን የምትለየው ላያቸው ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ሪቫኑ ደግሞ ጎርባጣ፣ መስመር መስመር ያለው ዓይነት ከሆነ ጭረቷ ሁለት መስመር መሐል ትወድቅና ትጠፋለች። ሸዋዬ ሰዋዬ ሆና ትመረቃለች። ለእንዲህ ያለ ሪቫን ወፍራም ፊደል ምረጡ፤ ሁለት መስመር ጽሑፍ ከመደርደርም አንድ መስመር ይሻላል። ልስልሱ ሳቲን ላይ ግን ቀጭን ፊደልም ፎቶም ጥርት ብሎ ይወጣል።

ለምን ነጭ ሪቫን ብቻ ይላሉ?

ማተሚያው አራት ቀለም አለው። ሰማያዊ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ቅልቅል ነው። ነጭ የለም። ፎቶው ውስጥ ያለው የጥርስ ነጭ፣ የነጠላ ነጭ፣ የሪቫኑ የራሱ ነጭ ነው፤ ቀለም ስላልደረሰበት የቀረ ቦታ።

ቀለሙ ደግሞ እንደ ሻይ ብርሃን ያሳልፋል። ወተት ላይ ሻይ ብትጨምሩ መልኩ ይለወጣል፣ ይታያል። ጥቁር ቡና ላይ ሻይ ብትጨምሩ ስፕሪስ ጠጣችሁ እንጂ ሻዩ አይታያችሁም። ጥቁር ሪቫን ላይ ሰብሊሜሽን ማለት ያ ነው። ቢጫ ሪቫን ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ ካሳተማችሁ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ ፈዛዛ መሆን አለበት።

ወርቅና ብርም አይወጡም። ስክሪኑ ላይ የሚያብለጨልጨው ወርቅ ሪቫኑ ላይ ሰናፍጭ ይሆናል። በጥቁር ሪቫን ላይ ወርቃማ ጽሑፍ የፈለገ ሰው ፎይል ይጠይቅ። በጥቁር ላይ ባለ ብዙ ቀለም የፈለገ ዲቲኤፍ አለለት፤ ግን የጥፍር ቀለም ወገን መሆኑን እንዳይረሳ፤ ሪቫኑ ሲቋጠርና ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንድ ቀለም ብቻ ያለው ጽሑፍ በሺህ የሚቆጠር ሪቫን ላይ ከሆነ ስክሪን ፕሪንት ያዋጣል። እሱ ለእያንዳንዱ ቀለም ፍሬም ማዘጋጀት ስላለበት ለአንድና ለሁለት አይመችም። ሰብሊሜሽን ፍሬም አይፈልግም። አንድ ሪቫን ብትሉትም ያው ነው፤ አርባ ሰው አርባ የተለያየ ስም ቢኖረውም ያው ነው። የምርቃት ሰሞን ሁሉም ወደ እሱ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ረጅም ሪቫን ላይ መገጣጠሚያው ለምን ይታያል?

የሰፈር ሂት ፕሬስ ብዙውን ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካሬ ነው። ሁለት ሜትር ሪቫን ማተም ያለበት ሰው ደጋግሞ፣ እየጎተተ መጫን አለበት። መጋጠሚያው ላይ አንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይሞቃል። እዚያ ቀለሙ ትንሽ ይለወጣል፣ የሳቲኑም ብልጭታ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ የማሽኑ ጠርዝ መስመር ይተዋል። ብልህ ዲዛይነር መጋጠሚያውን ባዶ ነጭ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። በስምና በስም መሐል፣ በፎቶና በጽሑፍ መሐል። እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቀለም የሆነ ዲዛይን ግን መደበቂያ የለውም። ለዚያ ሪቫኑና ወረቀቱ አብረው በጋለ ሲሊንደር ላይ ሳይቋረጡ የሚያልፉበት ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል።

ክረምትና መብራት ምን አገባቸው?

ብዙ አገባቸው። የምርቃት ሰሞን ከዝናቡ ጋር ነው የሚመጣው። በሐምሌ የባሕር ዳር አየር ራሱ እርጥብ ነው። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ይጎብጣል። ሲጫን እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ቀለሙን ይዞት ይንቀሳቀሳል፤ ጠርዙ ይዳምናል፣ ነጠብጣብ ይታያል። ጠንቃቃው አታሚ ወረቀቱን በላስቲክ አሽጎ ነው የሚያስቀምጠው።

መብራቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ትንሹ ሂት ፕሬስ ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ኃይል ነው የሚወስደው፤ ሆኖም መብራት በመሐል ጭልጥ ሲል ሪቫኑ ግማሽ በስሎ ይቀራል። እንደገና ልጫነው ቢባል ወረቀቱን በትክክል ቦታው መመለስ አይቻልም። ኃይሉ ሳይጠፋ ሲደክም ደግሞ ይብሳል፤ ማንም አያውቅም። ማሽኑ የበራ ይመስላል፣ ሙቀቱ ግን ልኩ አይደርስም፣ ቀለሙ ደብዝዞ ይወጣል። "ቀለማችሁ አይረባም" የሚባለው አንዳንዱ ቅሬታ መነሻው ገመዱ ላይ ነው።

ባጅ ማተሚያው ውስጥ ያለው ሪቫንስ?

ስሙ ብቻ ነው አንድ። የፕላስቲክ መታወቂያ የሚያትሙ ሰዎች "ሪቫን አለቀብን" ሲሉ ጨርቁን ማለታቸው አይደለም። ማተሚያው ውስጥ የሚጠቀለል ቀለም የተቀባ ቀጭን ፊልም አለ፤ እሱን ነው። ጥቃቅን ማሞቂያዎች ቀለሙን ከፊልሙ ወደ ካርዱ ያሻግሩታል። ሙቀት ቀለምን ወደ ፕላስቲክ ማስገባቱ ያው ስለሆነ እሱም ሰብሊሜሽን ይባላል። ካርዱ ከአንዱ ሪቫን ይወለዳል፣ በሌላው ሪቫን ይንጠለጠላል።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ውሃ አያስፈራውም። ቀለሙ ውሃ ውስጥ አይሟሟምና በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ብታጥቡት አይለቅም። የሚጎዳው ፀሐይ ነው። ሐይቁ ዳር ጀልባ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ወራት የተንጠለጠለ ሪቫን ቀስ በቀስ ይገረጣል። ቤት ውስጥ፣ አልበም ውስጥ ያለው ግን ብዙ ዓመት ይኖራል።

ቀንደኛ ጠላቱ ካውያ ነው። ባጃጇን አስታውሱ። ተሳፋሪዎቹ እንደገና ከተነቃነቁ ቀጭኑ ልጅ ይወጣል። ለጥጥ የሚሆን ካውያ 200 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሂት ፕሬሱ ራሱ ማለት ነው። ሪቫኑ ላይ ቢያርፍ ቀለሙ ይነሣና ካውያው ላይ፣ ከሥር ባለው ጨርቅ ላይ፣ ያገኘው ላይ ይሰፍራል። የግድ መተኮስ ካለበት ካውያው ላይ አንድ ነጥብ ያለበት ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጉት፤ እሱ 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጀርባው በኩል፣ ፈጠን ብላችሁ።

ካውያ ካልኩ ወዲያ፣ ሰው "እንግዲያው በቤት ካውያ አላትምም?" ብሎ ይጠይቃል። ትንሽ ቁራጭ ላይ ለመሞከር ይሆናል። ግን የካውያ ሙቀት ከጫፍ ጫፍ እኩል አይደለም፣ የእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ቦታ ባዶ ይቀራል፣ እጅም ለአንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ እኩል መጫን አይችልም።

ያቺ ባለ ጥጧ እናት መጨረሻቸውን ልንገራችሁ። ልጁ ብዙ አልተከራከረም። ነጭ የፖሊስተር ሳቲን ቆርጦ የልጃቸውን ፎቶና ስም አተመበት። ከዚያ ያመጡትን ጥጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሪቫኑን መሐሉ ላይ አስተኛው። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጣት ጥጥ ተረፈ።

"እንዲህ አድርገው ይስፉት፣ እማማ። ጥጡ ጥለት ይሆንልዎታል።"

እናትየዋ ዞር አደረጉት፣ ቀና አደረጉት፣ በጣታቸው ፎቶውን ዳሰሱት። የሚዳሰስ ነገር አጡ።

"ሲተኩሱት ግን" አለ ልጁ፣ "ጥጡን ይተኩሱ፤ ልጅዎ ጋ ሲደርሱ ይዝለሉ።"